የጋሽ ላምቤቦ እጅ

ቶላ ደወለና "ጋሽ ላምቤቦ..." ብሎ ካርዱ አለቀበት።

ቶላ ሰበታ አስፋልት ዳር ጎሚስታ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ጎማ ሲሞላ ይውላል፣ የራሱን ስልክ ግን አይሞላም። እኔ ዱከም ነበርኩ፣ ፋብሪካ ውስጥ፣ ኮምፕሬሰር ስር በጀርባዬ ተኝቼ። በዘይት እጄ መልሼ ደወልኩለት።

"ጋሽ ላምቤቦ ምን?"

"አረፉ። ትናንት ከሰዓት። ቀብሩ ዛሬ በስምንት ሰዓት ነው።"

"ታዲያ 'አረፉ' የሚለውን አታስቀድምም? የሰው ስም ጠርተህ ትዘጋለህ?"

"እኔ መች ዘጋሁ፣ ካርዱ ነው እንጂ።"

 ቆይቶ "ለታ፣ ትመጣለህ አይደል?" አለኝ። እንዴት እንዲህ ትለኛለህ ብዬ ልሰድበው አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልወጣም። መሞታቸው የገባኝ ያኔ ነው። እኔ ብዙ ነገር አጥቼ አውቃለሁ፣ ስድብ ግን አጥቼ አላውቅም።

ከዱከም ሰበታ ሦስት ታክሲ ነው። መስኮት ስር ተቀምጬ መንገዱን ሙሉ እጃቸውን ነበር የማስበው። ፊታቸውን ሳይሆን እጃቸውን።

ጋሽ ላምቤቦን የማያውቅ ሰው ጋራዡን አያገኘውም ነበር። ታፔላ የለውም። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ዝገት የበላው የቆርቆሮ በር አለ፣ በሩ ላይ አንድ የቮልስ ጎማ ቆብ ተቸንክሯል፣ በቃ። እሳቸው ከሆሳዕና ገና በልጅነታቸው መጥተው አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ውስጥ ቮልስ ተማሩ፣ ሰበታ ገቡ፣ አርባ ዓመት ሌላ መኪና አልነኩም። ቶዮታ ይዞ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥማቸው "ውሃ የሚጠጣ አልሰራም" ይሉት ነበር። ሰውየው የሰከረ ሹፌር ማለታቸው መስሎት ይቆጣል።

የቮልስ ሞተር ውሃ የለውም። የሚያቀዘቅዘው ንፋስ ብቻ ነው። ጋሽ ላምቤቦ ይህን እንደ ትልቅ ነገር ነው የሚያወሩት። "ውሃ ያለው ሞተር ሲታመም ያፈላል፣ ያጨሳል፣ ሰው ይጠራል። ይሄ ጠሪ የለውም። አንተ ነህ ቀድመህ ማወቅ ያለብህ።"

የሚያውቁት ደግሞ በእጃቸው ነው። ሞተሩ እየሰራ መዳፋቸውን ማራገቢያውን የሸፈነው የንፋሱ ቆርቆሮ ላይ ያሳርፋሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ አንገታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። ጴንጤ ስለነበሩ ሰፈሩ "ላምቤቦ ሞተር አይሰራም፣ ይጸልይለታል እንጂ" ይል ነበር። ሲነግሯቸው ይስቃሉ። "ጸሎት ለሰው ነው። ለሞተር ዘይት ይበቃዋል።"

አንድ ጊዜ ከሱሉልታ አንድ ነጋዴ ቮልሱን ይዞ መጣ። ደስ ብሎታል። "ጋሽ ላምቤቦ፣ ያ የቫልቭ ጫጫታ ጠፋ እኮ፣ እንዲያው በራሱ ጸጥ አለ፣ ለማመስገን ነው የመጣሁት" አላቸው። እሳቸው ምስጋናውን አልተቀበሉም። እጃቸውን በመስኮቱ አስገብተው ሞተሩን አጠፉ።

"ከሱሉልታ ድረስ በዚህ ነዳህ?"

"አዎ፣ ምነው?"

"እግዜር ይወድሃል። ቁጭ በል።"

ከፈትነው። አንዱ ቫልቭ ክፍተቱ ጠቦ አልዘጋ ብሎ ጠርዙ በእሳት ተበልቷል። ትንሽ ቢቆይ ተሰብሮ ፒስተኑን ይበሳው ነበር። ለነጋዴው ያሳዩትና ወደኔ ዞር ብለው "የሚጮህ ቫልቭ ደህና ነው፣ ትንሽ ላላ ብሏል ማለት ነው" አሉኝ። "ዝም ያለውን ፍራ። ስለጠበበ ነው ዝም ያለው።"

ከዚያ በኋላ እኔ በተናደድኩ ቁጥር ይቺን ያመጧታል። እኔ ደግሞ በየቀኑ ነበር የምናደደው። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምኩ የፉሪ ልጅ ነኝ፣ አባቴ ጤፍ ሲዘራ በኖረበት መሬት ላይ አሁን የሰው ግቢ ዘበኛ ነው፣ ምን ልሁን ታዲያ? ጠዋት ስገባ እየተሳደብኩ ነው የምገባው። ካርታውን እሰድባለሁ፣ ካርታውን ያነሳውን እሰድባለሁ፣ አጥሩን፣ ፎቁን፣ የፎቁን ቀለም። ጋሽ ላምቤቦ ጨርቅ እያቀበሉኝ "ጩህ፣ ጩህ። ላላ ብለሃል፣ ደህና ነህ" ይሉኛል። ንግግሬን ተው ብለውኝ አያውቁም። ከስር ስድቡን ብቻ ያርሙልኛል፤ "'እናቱን' አትበል፤ እናቱ መሬትህን አልወሰደችም።"

አሁን አንድ ምስጢር ልናገር፣ እሳቸውን ከእንግዲህ የሚጎዳቸው ነገር የለም። ጋሽ ላምቤቦ አያዩም ነበር። ዓይናቸው ድርግም ብሎ አልጠፋም፣ ሰው ከሩቅ ይለያሉ፣ መንገድ አይስቱም። ቅርብ ያለ ቀጭን ነገር ግን አያዩም፤ ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶባቸዋል። ብሎኑን በጣታቸው ነው የሚያውቁት። ይህን የምናውቀው ሚስታቸውና እኔ ብቻ ነን። ሰፈር ቢሰማ ቮልስ ይዞ የሚመጣ ያለ አይመስላቸውም።

ጣት የማይችለው አንድ ስራ ነበር። ሚዛኑ።

ከተዘጋ ፋርማሲ የገዙት ሁለት ሳህን ያለው የመድኃኒት ሚዛን ነበራቸው። ሞተር ተፈትቶ ሲታደስ አራቱ ፒስተን፣ አራቱ ቢየላ አንድ በአንድ ይመዘናል። ቢየላ ማለት ፒስተኑን ከስር ይዞ ላይ ታች የሚያስሮጠው የብረት ክንድ ነው። አራቱ እኩል ካልመዘኑ ሞተሩ ይነሳል፣ ይሄዳልም፣ ግን ይንዘፈዘፋል፣ ቀስ ብሎ ውስጡን ይበላል። ሌላው ጋራዥ እዚህ ጣጣ ውስጥ አይገባም። እሳቸው ሳይመዝኑ ገጥመው አያውቁም። ሕጉ አጭር ነው። "ከሁሉ ቀላሉን ፈልግ። ዳኛው እሱ ነው። ከብረት ይቀነሳል እንጂ አይጨመርበትም፣ ከባዶቹ ናቸው ወደሱ የሚወርዱት።"

"ይሄን ለመንግስት ይንገሩልኝ" አልኳቸው አንድ ቀን።

"መንግስት ሚዛኔ ላይ አይወጣም። ሳህኑ ትንሽ ነው።"

እና የሚዛኑን መርፌ የማነበው እኔ ነበርኩ። እኔ ግራይንደሩን ይዤ ከከባዱ እልጋለሁ፣ እመዝናለሁ፣ "ጋሼ፣ አምስት ይቀራል"፣ እልጋለሁ፣ "ሁለት"፣ ከዚያ "እኩል"። እኔ እኩል ካልኩ እኩል ነው። ደግመው ጠይቀውኝ አያውቁም።

የማስተር ፕላኑ ጊዜ ደረሰ። አዲስ አበባን እስከ ሰበታ፣ እስከ ቡራዩ፣ እስከ ሱሉልታ የሚዘረጋ ካርታ ወጣ ተባለ፣ አገሩ ተነሳ። በዚያው ሰሞን አንድ አረንጓዴ ቮልስ እየተንገዳገደች በራችን ገባች። ከውስጧ አቶ ታምሩ ወረደ።

አቶ ታምሩ የፉሪን መሬት ሲለኩ ሜትር ያዥ የነበረው ሰው ነው። ወረቀቱን የፈረመው ሌላ ነው፣ ካርታውን የሳለው ሌላ ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ያየሁት እሱን ነው። ጫማው ጭቃ እንዳይነካበት መንገዱን ትቶ የአባቴን የጤፍ ቡቃያ እየረገጠ ሲሄድ ነው ያየሁት። አባቴ ምንም አላለውም። ለምን ምንም እንዳላለው እስከዛሬ ገብቶኝ አያውቅም።

አሁን ጡረታ ወጥቶ፣ ፀጉሩ ነጥቶ፣ "ጋሽ ላምቤቦ፣ የአባቴ መኪና ናት፣ እንደ ጥንቷ ያድርጉልኝ" ይላል። እኔን አላወቀኝም። አለማወቁ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ።

ሲወጣ "እቺን መኪና አልነካም" አልኳቸው።

"ለምን? በሽታ አለባት?"

"በሽታው ባለቤቷ ነው።" ነገርኳቸው።

ሰምተውኝ ሲያበቁ እጃቸውን በጨርቅ ብዙ ጊዜ ጠረጉ። "ባለቤቷን ማን ፍታው አለህ?" አሉ። "እሱን ልፍታው ብትል እኔም አልችልበትም። ሞተሯን ነው ያልኩህ።"

ሞተሩን አወረድነው። የቮልስ ሞተር ከኋላ በአራት ብሎን ነው የሚያዘው፣ ሁለት ሰው ካለ ቶሎ ይወርዳል። ሦስተኛው ቢየላ ጎብጧል። ከምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት መሸጫ የሌላ ሞተር ቢየላ አመጣን፣ መዘንኩት፣ ከጓደኞቹ በአስራ ስምንት ግራም ይከብዳል። ይህ ብዙ ነው። ለመላግ ሁለት ሰዓት ይፈጃል።

ጋሽ ላምቤቦ በሩ ጋ ጀሪካን ላይ ተቀምጠው የውጪውን ሁካታ ይሰማሉ። እኔ ግራይንደሩን ለኮስኩ። ቢየላውን አልነካሁትም። መሬት ላይ የወደቀ ብረት አንስቼ እሱን ነው ያስጮህኩት፣ ብልጭታው ሲረጭ፣ ድምፁ ሲጮህ። በየመሃሉ አጠፋለሁ፣ "ጋሼ፣ አስራ አንድ ይቀራል" እላለሁ። እንደገና አስጮሃለሁ። "አራት።" በመጨረሻ "እኩል" አልኩ።

"ጎበዝ" አሉኝ።

አስቤበት አልነበረም። ግራይንደሩን ሳነሳ ያ የተረገጠ ጤፍ ነው ትዝ ያለኝ። መንገድ ላይ ትንዘፍዘፍበት፣ ውስጧ ይበላ፣ አንድ ቀን ጫንጮ ዳገት ላይ ፍርስ ብላ ታስቀረው። ያሰብኩት እሱን ነው። የማን እጅ ውስጥ እንደምትንዘፈዘፍ አላሰብኩም።

ገጠምናት። አስነሳናት። ጋሽ ላምቤቦ ከኪሳቸው የብር ሳንቲም አወጡ። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚያደርጉት ነው፤ ሳንቲሟን የንፋሱ ቆርቆሮ ላይ በጠርዟ ያቆሟታል፣ ሞተሩ ሚዛኑን ከጠበቀ አትወድቅም። ያቆሟት ሳንቲም ወድቃ አይቼ አላውቅም ነበር።

ወደቀች። አንስቼ ሰጠኋቸው። ወደቀች።

"አንተ አቁማት።"

አቆምኳት። ወደቀች።

መዳፋቸውን አሳረፉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ረጅም ጊዜ ቆዩ። "ሞተሯን እንደገና እናውርደው" አሉኝ። "አንድ ቦታ ተሳስቼአለሁ።"

ያኔ መናገር እችል ነበር። ቀኑን ሙሉ ፈታን። ቢየላዎቹን እንደገና ሚዛን ላይ አወጡልኝና "እስቲ ንገረኝ" አሉ። ሦስተኛው ሳህን ላይ ዱብ ብሎ ተቀመጠ፣ መርፌው ጥግ ሄዶ ቆመ፣ ጋሽ ላምቤቦ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ናቸው፣ አያዩትም።

"እኩል ነው" አልኩ።

የመጀመሪያውን በንዴት ነው የዋሸሁት። ይሄኛውን ምን ልበለው? ፈራሁ። ከእኔ ዓይን ሌላ ዓይን ያልነበረውን ሰው ዓይኑ እንደዋሸው መንገር ፈራሁ።

ገጠምናት፣ ሳንቲሟ እንደገና ወደቀች።

እኔን አልጠረጠሩም። ይህን ነው መቼም የማልረሳው። አስነሱ አጠፉ፣ ብሎን አጠበቁ ፈቱ፣ ቮላኖውን፣ ያን ከባድ የሚዞር ክብ ብረት፣ አወጡ መለሱ፣ አንድ ጊዜ እንኳ "ለታ፣ አንብበህልኛል?" አላሉኝም። አንድ ቀን ከምሳ ስመለስ በሩ ስር ብርሃን ላይ ቆመው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ፊታቸው ላይ አስጠግተው ሲያዩ አገኘኋቸው። የማያዩትን እጅ።

"ይንቀጠቀጣል?" አሉኝ።

"አይ፣ ጋሼ።"

"ውስጡ ነዋ እንግዲህ። ድሮ ይነግረኝ ነበር። አሁን ይዋሸኛል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕቃ ማደል ጀመሩ። ትንሿን የብሎን ቁልፍ ለቶላ ሰጡት። ለእኔ መዳፋቸው የበላውን ካቻቢቴ ሰጡኝ። ሚስታቸው መጥተው እኔን ወደ ጎን ሳቡኝ፣ "ሌሊት ይነሳና እጁን ያሻል፣ ምን ሆነ?" አሉኝ። "ከዚች መኪና በኋላ በሩን እዘጋለሁ ይላል። ቤት ቁጭ ካለ ዓመት አይቆይልኝም፣ ልጄ።"

እኔ ዝም። ጠዋት ስገባ አልሳደብም፣ ካርታ አላነሳም። እሳቸው ግን በዚያ ሁሉ ሀዘናቸው መሃል "ምነው ለታ፣ ዝም አልክ?" አሉኝ። "ቫልቭህ ጠበበ?" ሊያስቁኝ ነው። አልሳቅኩም።

ከተማው ግን አልተዘጋለትም አፉ። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደረደረ፣ ጎማ ተቃጠለ። የቶላ አሮጌ ጎማ በሙሉ በዚያ ሳምንት አለቀ፣ ግማሹን ራሱ ነው ያወጣው። እኔም የመጀመሪያዎቹን ቀናት አስፋልት ላይ ነበርኩ፣ ጮሄአለሁ፣ ሮጫለሁ። አንድ ቀን ግን ጋራዥ ነበርኩ፣ ጋሽ ላምቤቦ "የቀረውን ዕቃ ሳጥን እናስገባው" ብለውኝ።

እኩለ ቀን ላይ በሩ ተደበደበ። ከፈትኩ። ሃያ ሰላሳ ልጅ ይሆናል፣ የማውቃቸው፣ ላብና ጥላሸት። ከፊታቸው ቶላ አለ።

"የሜትር ያዡ ቮልስ እዚህ ናት አሉ" አለኝ በኦሮምኛ። "አውጣት።"

ጋሽ ላምቤቦ ከኋላዬ መጡ፣ እጃቸውን እየጠረጉ። ልጆቹ ድምፃቸውን ቀነሱ። "ኦቦ ላምቤ፣ አካም ጂርቱ" ብሎ በክብር ሰላም አላቸው ቶላ። "ከእርስዎ ጋር ጠብ የለንም። መኪናዋን ብቻ ነው።"

"ገና አላለቀችም።"

"እኛ እንጨርሳታለን" አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ።

ጋሽ ላምቤቦም ትንሽ ፈገግ አሉ። ከዚያ በሩ መሃል ቆሙ። ሊከለክሉ አልመሰሉም፣ ሰው ተራ ይዞ እንደሚናገር ነው የተናገሩት።

"ስሙኝ፣ ልጆቼ። የምትሉትን አውቃለሁ፣ ይሄ ልጅ ነግሮኛል። እኔ የምለምናችሁ ለባለቤቷ አይደለም። አርባ ዓመት ሞተር ሰርቻለሁ። እቺን ሁለት ጊዜ ገጠምኳት፣ ሁለቴም ትንዘፈዘፋለች። የት እንደተሳሳትኩ አላገኘሁትም። እጄ አልቋል። የመጨረሻ ስራዬ ናት። አቃጥላችኋት ከሄዳችሁ ምን እንዳጠፋሁ ሳላውቅ ነው የምሞተው። አንድ ሳምንት ስጡኝ፣ ፈትቼ ልያት። ከዚያ እናንተና እሱ።"

ልጆቹ እርስ በእርስ ተያዩ። ማንም አልገባውም። አንዱ "ሽማግሌው ምን እያሉ ነው?" አለ። ሌላው ቤንዚን የያዘውን የላስቲክ ጠርሙስ ከእጅ ወደ እጅ ያዛውራል። ቶላ እኔን አየኝ።

እኔ ግን ገብቶኛል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ራሳቸውን እያዋረዱ ያሉት በእኔ ውሸት ነው።

"ጋሼ፣ እጅዎ አይደለም" አልኩ።

ዞር አሉ።

"ሦስተኛው ቢየላ አልተላገም። ግራይንደሩን ያስጮህኩት ወዳቂ ብረት ላይ ነው። ሚዛኑን ዋሽቼዎታለሁ። ሁለቴም።"

ቀድሞ የገባው ቶላ ነው። "ቆይ ቆይ" አለ። "የሜትር ያዡን ሞተር... አንተ ነህ የገደልካት?"

"ከውስጥ" አልኩ። 

ከዚያ የሆነውን ልነግራችሁ አፍራለሁ። ጮሁ። አጨበጨቡ። "ለታ! ለታ!" ጀርባዬን ይመቱኛል፣ አንዱ አንገቴን አቅፎ ግንባሬን ሳመኝ። "ሳያውቅ እየነዳት መሃል መንገድ ላይ ትፈርስበታለች፣ ይሄማ ከእሳት ይበልጣል" ይላል አንዱ። "ብናቃጥላት እኮ ገላገልነው ማለት ነው" ይላል ሌላው። ክርክር ያዙ፣ እውነቴን ነው፣ በር ላይ ቆመው ተከራከሩ፣ በመጨረሻ ተስማምተው ቤንዚናቸውን ይዘው ሄዱ። መኪናዋ ተረፈች። በሕይወቴ ሰው ያጨበጨበልኝ ያን ቀን ብቻ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ የተመኘሁትም ያን ቀን ነው።

ጋሽ ላምቤቦ በሩን ዘጉ። ጀሪካናቸው ላይ ተቀመጡ። እኔ ቆሜ ጠበቅኩ። ዱላ ጠብቄአለሁ፣ ውጣልኝ ጠብቄአለሁ።

"ስንት ግራም?" አሉኝ።

"ምን?"

"ሦስተኛው። በስንት ይከብዳል?"

"አስራ ስምንት።"

"አስራ ስምንት" አሉ ቀስ ብለው፣ አፋቸው ውስጥ እያዞሩት። ቀኝ እጃቸውን አንስተው መዳፋቸውን ወደ ላይ ገለበጡት። ፊታቸው እንዳለ በራ። "እጄ ሃያ ነበር ያለኝ።"

ሳቁ። እንባቸው እስኪወጣ ሳቁ። "ሃያ ነው ያለኝ እኮ፣ ለታ። ሦስተኛው ላይ ነው ብሎኛል። እኔ ነኝ ያላመንኩት።"

ከዚያ ሳቁ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጥተው አየኋቸው፣ ድምፃቸው ከፍ ሳይል።

"አስራ ሁለት ቀን" አሉ። "አስራ ሁለት ቀን በቁሜ ቀበርከኝ። ሚስቴ ታለቅስ ነበር።"

"ጋሼ..."

"ንዴትህ የራስህ ነው። ተው አልልህም፣ መሬቱ የኔ አባት መሬት አልነበረም። ሚዛኔ ላይ ግን አታስቀምጠው። እዚያ ላይ ብረት ብቻ ነው የሚወጣው።" ተነሱ። "ፍታት።"

ፈታኋት፣ ለብቻዬ፣ እሳቸው እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆመው። ቢየላው ሚዛን ላይ ሲወጣ "ሌላ ሰው ልጥራልዎት? ቶላ ያንብብልዎት?" አልኳቸው።

"ቶላ ቁጥር የሚያውቀው ጎማ ላይ ነው። አንተ አንብብ። ሌላ ዓይን ከየት ላምጣ?"

ስልግ "ስንት?" ይላሉ። "አስራ ሁለት ይቀራል።" "ስንት?" "ሰባት።" "ስንት?" ድሮ አይጠይቁኝም ነበር፣ ያን ቀን እያንዳንዱን ጠየቁኝ። ገባኝ። አልከፋኝም። "እኩል" ስል ወዲያው ጎበዝ አላሉኝም። ሁለቱን ቢየላ ከሳህኑ አንስተው በግራና በቀኝ እጃቸው ይዘው ቆዩና "አዎ" አሉ።

ገጠምናት፣ አስነሳናት። ሳንቲሟን አቆምኩ።

"ቆመች?"

"ቆመች።"

መዳፋቸውን አሳረፉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሰጡኝን ካቻቢቴ ከኪሴ መዘዙና ሳጥናቸው ውስጥ መለሱት። "ገና ይሰራል" አሉኝ። ቶላ ጋም ሄደው ቁልፋቸውን ተቀበሉ፤ ቶላ "የሰጡትን የሚነጥቁ ጴንጤ ዛሬ አየሁ" ሲል ውሏል። በሩ አልተዘጋም። እኔ ዱከም ስራ አግኝቼ ከሄድኩም በኋላ ዓመታት ሰሩ፣ ሚስታቸው ሚዛኑን እያነበቡላቸው።

ቀብሩ ላይ ደረስኩ፣ ዝማሬው ሳያልቅ። ከፉሪ ሽማግሌዎች መጥተዋል፣ ከሱሉልታ ያ ነጋዴ መጥቷል። አፈር ካለበስናቸው በኋላ ከቶላ ጋር ወደ አስፋልቱ ስንወጣ አጥሩ ስር አረንጓዴዋ ቮልስ ቆማለች። ሞተሯ አልጠፋም። አቶ ታምሩ ውስጥ ተቀምጧል፣ አርጅቷል፣ እጁ መሪው ላይ። አየኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት ማን እንደሆንኩ ሰው ነግሮታል መሰለኝ፣ ዓይኑን አልሰበረም።

"ቫልቩ ይጮሃል" አለኝ። "እሳቸው ጋ ልወስዳት ነበር። አሁን የት ልሂድ?"

የምለው ነበረኝ። የት እንደሚሄድ ለብዙ ዓመት አዘጋጅቼለታለሁ፣ ዝርዝሩ አለኝ። ወደ ኋላ ዞሬ ሄድኩ፣ የሞተሩን ክዳን ከፈትኩ፣ መዳፌን የንፋሱ ቆርቆሮ ላይ አሳረፍኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ቶላ ከኋላዬ "ይጸልይላታል እንዴ?" አለ።

እጄ ምንም አላለኝም። ከዳር ዳር የማይንዘፈዘፍ እኩል ሩጫ ነው፣ ቫልቮቹ ብቻ ከጎን ቀጨም ቀጨም ይላሉ።

ክዳኑን ዘጋሁ። መስኮቱ ጋ መጣሁ።

"ይጩህ" አልኩ። "ሲጮህ ደህና ነው። ዝም ካለ እንዳይነዷት፣ ይደውሉልኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰበታ ነኝ።"

ራሱን ነቀነቀ።

"የፉሪውን መሬት ግን አልረሳሁትም፣ አቶ ታምሩ።"

"አውቃለሁ" አለ።

ማርሽ አስገባ፣ እየጮኸች ሄደች።